ዳንኤል በቢሮው



እሑድ እጃችንን አንሥተን ስንዘምር አማኞች መሆናችን ይታወቃል። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይስ? የማን እንደ ሆንን በምን ይታወቃል?

“ጠረጴዛዬ ላይ ጥቅስ ለጥፌአለሁ፤ ስልኬም የሚጠራው በመዝሙር ነው” የምንል አለን። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ጠረጴዛ ፊት የቆመ ባለጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ “ነገ ተመለስ” ከተባለ፣ የሚያነበው የተለጠፈውን አይደለም፤ እኛን ነው።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6 ላይ ስንደርስ ቶሎ ብለን ወደ አንበሶቹ ጉድጓድ እንሮጣለን። እስቲ ዛሬ መጀመሪያ ቢሮው ጋ እንቁም። ዳርዮስ 120 መሳፍንት ሾመ፤ በእነርሱም ላይ ሦስት አለቆች አደረገ። የንጉሡ ሀብት እንዳይጎዳ መሳፍንቱ ሒሳባቸውን ለአለቆቹ ያቀርቡ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ዳንኤል ነው። ዳንኤል እንግዲህ የሒሳብ ተቆጣጣሪ ነበር ማለት ነው! ባልደረቦቹ በሥራው ላይ ጉድለት ፈለጉ፤ አጡ። በመጨረሻ በአምላኩ ሕግ ካልሆነ በቀር መክሰሻ እንደማያገኙበት ተስማሙ።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። እኛን መክሰስ የሚፈልግ ሰው እስከ ጸሎታችን ድረስ መሄድ ያስፈልገዋል? ወይስ የሰዓት ፊርማችን ብቻ ይበቃዋል?

ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ የጸለየው ግን በቤቱ ነው። ነህምያ ደግሞ በሥራው ላይ ቆሞ፣ ንጉሡ ሲጠይቀው፣ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ሥራ የማያስቆም፣ ባለጉዳይ የማያስጠብቅ ጸሎትም አለ።

ታዲያ ስለ ጌታ አንናገር ወይ? እንናገር እንጂ! ባልደረባችን በምሳ ሰዓት ሲጠይቀን ተስፋችንን አንደብቅ። የመንግሥት ወንበር ግን የሁሉም ነው፤ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም እኩል ይስተናገድበታል። ፊርማ ፈልጎ የቆመን ሰው መስበክ መሄጃ የሌለውን ሰው መያዝ ነው። አለቃም ከሆንን፣ የበታቻችን “እሺ” የሚለው ወዶ ይሁን ፈርቶ አናውቅም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ “ደረሰኙ ላይ ዋጋውን ከፍ አድርገህ ጻፍ፤ ልዩነቱን እንካፈላለን” የተባልን ቀን። እምቢ ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ዕድገት ይቀራል፤ አንዳንዴም እንጀራ ይቋረጣል። ዳንኤል ታማኝ ስለ ሆነ ከጉድጓዱ አልቀረለትም፤ እግዚአብሔር ግን ጉድጓዱ ውስጥም አልተወውም። ስለዚህ ሳንሳደብ፣ ራሳችንን ሳናመጻድቅ፣ “ይህን መፈረም አልችልም” እንበል። ይበቃል።

እናንተም የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ በዚህ ምክንያት ሥራውን ያጣ ወንድም፣ ሥራዋን ያጣች እኅት ቢመጡ “እንጸልይላችኋለን” ብላችሁ ብቻ አትሸኙአቸው። የወሩ የቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፈል አብራችሁ አስቡ።

ጳውሎስ በቆላስይስ 3 ላይ፣ አሠሪ ሲያይ ብቻ ሳይሆን ለጌታ እንደሚሠራ ሰው እንድንሠራ ያስተምረናል። ነገ ወደ ሥራ ከመውጣታችን በፊት እንዲህ ብለን እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የምፈርመውን ሁሉ በፊትህ እንድፈርም እርዳኝ። በፊቴ የሚቆመውን ሰው አንተ እንደምታየው ልየው። እምቢ ማለት ባለብኝ ሰዓት ድፍረትን ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።