የንግድ መዝገብ አያያዝና የዓመት መዝጊያ ማስተካከያ፦ እህል ለሚነግዱ ሞዴል አርሶ አደሮች



ባለፉት ትምህርቶች ስለ ምርጥ ዘር፣ በመስመር ስለ መዝራትና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ተነጋግረናል። የዛሬው ርዕስ እህሉ ከአውድማ ከተነሣ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ አምራች ብቻ ሳትሆኑ ነጋዴም ናችሁ። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት ወይም በደባርቅ መጋዘን ተከራይታችሁ በታኅሣሥ ከጎረቤት ስንዴና ገብስ ትገዛላችሁ፤ ዋጋው ከፍ ሲል ጭናችሁ ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ትወርዳላችሁ።

የማሳ ሰብል ማማሩና መክፋቱ በዓይን ይታያል። ንግድ ግን በዓይን አይለካም። በሰኔ መጨረሻ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ብር ትርፍ ነው? የተበደራችሁት ነው? ወይስ የልጆቻችሁ ቀለብ ተሸጦ የመጣ ነው? ይህን ሳይለዩ ለከርሞ ብድር መጨመር አደጋ አለው። ስለዚህ ዛሬ ይዛችሁት እንድትሄዱ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በእጅ ያለ ገንዘብ ትርፍ ማለት አይደለም። ትርፉን የሚናገረው በየዕለቱ የተጻፈ መዝገብና በዓመቱ መዝጊያ የሚደረግ ማስተካከያ ነው።

1. እርሻውና ንግዱ የየራሳቸው ደብተር ይኑራቸው

ንግዱን እንደ ሌላ ሰው ቁጠሩት። ከቤት ወደ መጋዘን የገባ እህል ንግዱ ከእናንተ የተቀበለው ነው፤ ስለዚህ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይጻፋል። ከመጋዘን ለቤት ቀለብ የወጣ ደግሞ እናንተ ከንግዱ የወሰዳችሁት ነው፤ እሱም ይጻፋል። ይህ ካልተደረገ እርሻው ለንግዱ በነፃ እህል ሲያቀርብ ይኖርና ንግዱ ያተረፈ ይመስላል።

2. የዕለት ምዝገባ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል” ይባላል። ግዢም ሆነ ሽያጭ በተፈጸመበት ቀን ይጻፍ። ቀኑ፣ የዕቃው ዓይነት፣ የኩንታሉ ብዛት፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ብሩ፣ በእጅ በእጅ ወይም በዱቤ መሆኑ ይመዝገብ። በቴሌብር ወይም በባንክ የገባ ገንዘብም ያው ገንዘብ ነው፤ ስልክ ውስጥ ስለሆነ አይታለፍ። ዱቤ ሲሆን የወሳጁ ስም፣ የሚከፍልበት ቀንና ፊርማው ወይም የጣት አሻራው ይጨመር።

እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ ይጻፋል። ስንዴ ሲገዛ እህል ይጨምራል፣ ገንዘብ ይቀንሳል። በዱቤ ሲሸጥ ተሰብሳቢ ሒሳብ ይጨምራል፣ ሽያጭም ይጨምራል። አንዱ ወገን ዴቢት፣ ሌላው ክሬዲት ይባላል፤ የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ እኩል መሆን አለበት። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የጣሊያን ነጋዴዎች ሲሠሩበት ቆይተው ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። እስከ ዛሬ ባንኩም ዩኒየኑም የሚሠራበት ይህንኑ ነው።

3. ምሳሌ

አንድ የዳባት አርሶ አደር እንውሰድ። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ተኩባቸው። ከታኅሣሥ 1 እስከ ሰኔ 30 ባሉት 7 ወራት የሠራው ይህ ነው።

• ከራሱ ለንግዱ ያወጣው ገንዘብ 200,000 ብር
• ታኅሣሥ 1 የተበደረው 100,000 ብር፤ ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፤ ዋናውም ወለዱም በዓመቱ መጨረሻ ይከፈላል
• የ1 ዓመት የመጋዘን ኪራይ በቅድሚያ የከፈለው 24,000 ብር
• ለሚዛንና ለእንጨት ርብራብ 30,000 ብር፤ 5 ዓመት ያገለግላሉ
• በእጅ በእጅ የገዛው ስንዴ 40 ኩንታል በ5,000 ብር፣ ድምር 200,000 ብር
• ከራሱ ማሳ ወደ መጋዘን ያስገባው 10 ኩንታል፣ በዕለቱ ዋጋ 50,000 ብር
• ለመኪናና ለጫኝና አውራጅ 10,000 ብር
• በእጅ በእጅ የሸጠው 35 ኩንታል በ6,500 ብር፣ ድምር 227,500 ብር
• ጎንደር ላለ ዳቦ ቤት በዱቤ የሰጠው 6 ኩንታል፣ 39,000 ብር
• ለቤቱ ቀለብ የወሰደው 2 ኩንታል፣ በተገዛበት ዋጋ 10,000 ብር

ሰኔ 30 ገንዘቡን ሲቆጥር 263,500 ብር አገኘ። “በ200,000 ጀምሬ 63,500 አተረፍኩ” ቢል ተሳስቷል፤ 100,000 ብሩ የአበዳሪው ነው። ብድሩን ቀንሶ “163,500 ብቻ ቀረኝ፣ ከሰርኩ” ቢልም ተሳስቷል፤ ዱቤው፣ ሚዛኑና ያልተሸጠው እህል አልተቆጠሩም። በመዝገቡ ብቻ ከሄድን ደግሞ የ41 ኩንታል ሽያጭ 266,500 ብር ነው፤ የተሸጠው እህል የተገዛበት 205,000 እና መጓጓዣው 10,000 ሲቀነሱ 51,500 ብር ይቀራል። ይህም ገና የመጨረሻው አይደለም።

4. የመዝጊያ ማስተካከያ

አንዳንድ ወጪዎች በየቀኑ ደረሰኝ ስለማይቆረጥላቸው በዕለት ምዝገባ አይታዩም። እነዚህን በመዝጊያ ቀን አስልተን እንጨምራለን። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል። እኛም ሰኔ 30 ብንዘጋ ይመቸናል፤ የክረምቱ እርጥበት ሳይበረታ እህሉን አገላብጠን ለማየትም ጊዜው ነው። ለቀላልነት ዓመቱን በ12 ወር እንቆጥራለን፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ትታያለች።

አንደኛ፣ ቅድመ ክፍያ ኪራይ። 24,000 ለ12 ወር ሲካፈል በወር 2,000 ነው። 7 ወር ስላለፈ 14,000 ብሩ ወጪ ሆኗል፤ 10,000 ብሩ ገና ያልተጠቀመበት መብት ነው።
ዴቢት፦ የኪራይ ወጪ 14,000። ክሬዲት፦ ቅድመ ክፍያ ኪራይ 14,000።

ሁለተኛ፣ የእርጅና ቅናሽ። ሚዛኑና ርብራቡ በየወሩ ያረጃሉ። 30,000 ለ60 ወር ሲካፈል በወር 500፣ በ7 ወር 3,500 ብር ነው።
ዴቢት፦ የእርጅና ወጪ 3,500። ክሬዲት፦ የእርጅና ቅናሽ 3,500።

ሦስተኛ፣ ያልተከፈለ ወለድ። መክፈያው ኅዳር 30 ቢሆንም ወለዱ በየወሩ ይቆጥራል። የ100,000 ብር 18 በመቶ በዓመት 18,000፣ በወር 1,500፣ በ7 ወር 10,500 ብር ነው።
ዴቢት፦ የወለድ ወጪ 10,500። ክሬዲት፦ ተከፋይ ወለድ 10,500።

አራተኛ፣ የእህል ቆጠራ። በመዝገቡ መሠረት 50 ኩንታል ገብቶ 41 ተሸጧል፣ 2 ለቤት ወጥቷል፤ 7 ኩንታል መኖር ነበረበት። በሚዛን ሲታይ የተገኘው 6 ነው። 1 ኩንታሉን ነቀዝ፣ አይጥና መድረቅ ወስደውታል።
ዴቢት፦ የእህል ብክነት 5,000። ክሬዲት፦ የእህል ክምችት 5,000።

ቆጠራ ማለት እህሉን መመዘን እንጂ ጆንያ መቁጠር አይደለም። ነቀዝ የበላው ጆንያ ቁመቱ ያው ሆኖ ክብደቱ ይቀንሳል። በየዓመቱ ብክነት የምታዩ ከሆነ እንደ ፒክስ ያለውን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ዋጋ ከጠፋው እህል ዋጋ ጋር አነጻጽሩ። የሚያዋጣውን የሚነግራችሁ ይኸው መዝገብ ነው።

ዱቤውንም በዚሁ ቀን አንድ በአንድ ተመልከቱት። በእርግጥ የማይከፈል መሆኑ የታወቀ ዱቤ ካለ ከተሰብሳቢው ወጥቶ ኪሳራ ተብሎ ይጻፋል። በምሳሌያችን ዳቦ ቤቱ ይከፍላል ብለን ትተነዋል።

5. ውጤቱ ምን ይላል?

አራቱ ማስተካከያዎች ተደምረው 33,000 ብር ናቸው። ከ51,500 ሲቀነሱ እውነተኛው ትርፍ 18,500 ብር ሆነ።

እኩል መሆኑን እንፈትሽ። ንግዱ ያለው፦ ገንዘብ 263,500፣ ተሰብሳቢ 39,000፣ እህል 30,000፣ ያልተጠቀመበት ኪራይ 10,000፣ ሚዛንና ርብራብ 26,500፤ ድምሩ 369,000 ብር። ዕዳው፦ ብድር 100,000 እና ወለድ 10,500፤ ድምሩ 110,500 ብር። የባለቤቱ ድርሻ፦ ያስገባው 250,000፣ ለቤት የወሰደው 10,000 ተቀንሶ፣ ትርፉ 18,500 ተጨምሮ 258,500 ብር። ዕዳውና የባለቤቱ ድርሻ ሲደመሩ 369,000 ብር ይሆናሉ። እኩል ካልመጣላችሁ አንድ ቦታ ያልተጻፈ ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነገር አለና ፈልጉት።

አሁን ቁጥሩ ሥራ ይሥራ። ሦስት ነገር ይነግረናል።

የመጀመሪያው ስለ መሸጫ ዋጋ ነው። መጓጓዣውና ማስተካከያዎቹ ተደምረው 43,000 ብር ናቸው፤ ለ41 ኩንታል ሲካፈሉ ለአንዱ 1,050 ብር ገደማ ይደርሳሉ። ስለዚህ በ5,000 ብር የተገዛ ኩንታል በአማካይ ከ6,050 ብር በታች ከተሸጠ ንግዱ ይከስራል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ደላላው 5,900 ሲላችሁ “900 አገኛለሁ” የሚለው ሰው መዝገብ የሌለው ነው። ከርሞ በታኅሣሥ ስትገዙም ይህን 1,050 ብር ይዛችሁ ተደራደሩ።

ሁለተኛው ስለ ብድሩ ነው። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይላሉ አባቶች። ይህ አርሶ አደር በሰኔ 263,500 ብር በእጁ ይዞ በየወሩ 1,500 ብር ወለድ ይቆጠርበታል። እስከ ኅዳር 30 ዝም ቢል ሌላ 7,500 ብር ይሄዳል፤ ይህም ከትርፉ ከሲሶ በላይ ነው። አበዳሪው ቀድሞ መክፈልን የሚፈቅድና ወለዱን የሚቀንስ መሆኑን ውሉን አንብቦ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው ስለ ቤተሰቡ ነው። ከማሳው የመጣው 10 ኩንታል ያለ ዋጋ ገብቶ ተሸጦ ቢያልቅ ኖሮ ትርፉ 68,500 ብር መስሎ ይታይ ነበር። በዚያ ተደፋፍሮ ብድሩን እጥፍ ቢያደርግ፣ በሐምሌና በነሐሴ ቀለቡን ከገበያ በውድ መግዛት ሊመጣ ይችላል። 50,000 ብሩ የንግዱ ትርፍ ሳይሆን የእርሻው ላብ ነው።

6. ከዛሬ ጀምሮ የሚሠራ

• ለእርሻና ለንግድ ሁለት ደብተር ግዙ፤ ገጾቹን ቁጥር ስጧቸው፤ ገጽ አትቅደዱ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉ።
• መጻፍ የሚከብዳችሁ ከሆነ ትምህርት ቤት ያለ ልጃችሁ ይጻፍ፤ ባልና ሚስት በየሳምንቱ አብራችሁ አድምጡና ፈርሙበት።
• ደረሰኝ፣ የብድር ውልና የኪራይ ውል በአንድ ማኅደር ይቀመጡ።
• በየወሩ መጨረሻ ገንዘቡን ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ፤ ሰኔ 30 አራቱን ማስተካከያዎች ሥሩ።

ለመለማመጃ፦ የምሳሌያችን አርሶ አደር ዱቤ የሰጠው ዳቦ ቤት ከ39,000 ብሩ 13,000 ብሩን እንደማይከፍል ቢረጋገጥ ትርፉ ስንት ይሆናል? የሁለቱ ወገን ድምርስ እኩል ይቆያል? በቡድን ሠርታችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አሳዩ።