የደነዘ ማጭድ

በአቃቂ ቃሊቲ ለምእመናንና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምናገረው ስለ ማጭድ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እናንተ ያዋጣችሁት ገንዘብ አለበት።

አምና እዚህ አቃቂ ዳርቻ፣ ፋብሪካና አዲስ ሰፈር ገና ባልደረሰበት መሬት ላይ ጤፍ ለሚያጭዱ ቤተሰቦች ማጭድ አከፋፍለን ነበር። ዘንድሮ ኅዳር ሳይገባ «ሌላ ስጡን» ብለው መጡ። ቤታቸው ሄደን ብናይ የአምናው ማጭድ ጣራ ሥር ተሰክቶ፣ ዝጎ አገኘነው። ደነዘ እንጂ አልተሰበረም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ማጭዱን ስንሰጥ መሳያውን አላሰብንም።

የደነዘ ማጭድ ጤፉን ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም። አገዳው ከነሥሩ ሲነቀል መረሬው አፈር አብሮ አውድማ ይገባል፤ የደረሰው ፍሬም ይረግፋል። አጫጁ ጉልበት ሲጨምር ማጭዱ ያመልጠዋል። አንዲት እናት በጨርቅ የተጠቀለለ ጣታቸውን አሳይተውኝ፣ «ልጄ፣ የታጨድኩትስ እኔ ነኝ» አሉኝ።

እንግዲህ ስለቱ ልሙጥ የሆነውን ማጭድ እንዲህ ሳሉት። መሳያ ድንጋዩን በውሃ አርሱ፤ የቀድሞውን የስለቱን ጋድምታ ሳትለቁ ከእጀታው ወደ ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ሳቡ፤ በሌላው ጎን ቀለል አድርጋችሁ አንድ ሁለት ጊዜ አሹት። በጣታችሁ ሳይሆን በገለባ ፈትኑት። ማታ ጠርጋችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ፣ ልጆች በማይደርሱበት ደረቅ ቦታ ስቀሉት። ጥርስ ያለውን ማጭድ ግን ድንጋይ ጥርሱን ይበላዋልና ወደ ቀጥቃጭ ውሰዱት።

ስለ ቀጥቃጩም በግልጽ ልናገር። ማጭዱን ከእጁ ተቀብለን፣ «ቡዳ ነው» ብለን ቡናውን የማንጠጣ ክርስቲያኖች አለን። አፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ወንጌል የያዝን እኛ ከአዋጁ ወደ ኋላ እንቅር? 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን አንብቡ፤ በእስራኤል ቀጥቃጭ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ መሣሪያውን ለማሳል ወደ ጠላቱ ይወርድ ነበር። ባለሙያውን የሚንቅ ሕዝብ መጨረሻው ይህ ነው።

ዘንድሮ አዲስ ማጭድ አልገዛንም። በገንዘቡ መሳያ ድንጋይ ገዛን፤ ለሰፈራችን ቀጥቃጭም ዋጋውን ከፍለን አሮጌዎቹን አስጠገንን። የቀረውን ገንዘብ አይሠራውም። ማጭዳችሁን ልትቀበሉ ስትሄዱ ቁጭ በሉ፤ ቡናውንም ጠጡ።

እግዚአብሔር አዝመራችሁን ይባርክ። አሜን።