ግሪምስቢ የት ነው ላላችሁኝ

 

በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ 21 ማታ ግሪምስቢ ታውን ማንችስተር ዩናይትድን ከካራባኦ ካፕ ካሰናበተ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በስልክ ይመጣል፣ በጽሑፍ ይመጣል፣ መንገድ ላይም ያስቆሙኛል። «ለመሆኑ ይሄ ግሪምስቢ የሚሉት ከየት የመጣ ቡድን ነው?» የዩናይትድ ደጋፊ በንዴት ይጠይቃል፣ የአርሰናሉ በሳቅ። ጨዋታውን አይታችሁታልና ስለ 2 ለ 2ቱም፣ 12 ለ 11 ስላለቀው መለያ ምትም አልተርክላችሁም። ዛሬ ለጥያቄው መልስ ይዣለሁ፤ መልሱ ግን ዞሮ ዞሮ እኛው ደጅ፣ ኢሉባቦር ነው የሚመጣው።

ግሪምስቢ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለ የዓሣ ወደብ ነው። የከተማው ሰው ኑሮው ሁሉ ዓሣ ነበር። እንግሊዝ ከአይስላንድ ጋር በዓሣ ማጥመጃ ባሕር ስትጨቃጨቅ ኖራ እ.ኤ.አ. በ1976 ስትሸነፍ ግን ጀልባዎቹ ሥራ ፈቱ፣ ወጣቱም እንጀራ ፍለጋ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1878 የተመሠረተው የኳስ ክለብ ግን አልፈረሰም። እስከ አምስተኛው እርከን ወርዷል፣ ተመልሷል፤ ዩናይትድን ሲያሸንፍም በአራተኛው እርከን ላይ ነበር። ሜዳው ብለንደል ፓርክ ይባላል፤ ያለውም ጎረቤት ከተማ ክሊቶርፕስ ውስጥ ነው። ደጋፊዎቹ በአየር የሚነፋ የፕላስቲክ ዓሣ ይዘው ይገባሉ፣ የአባቶቻቸውን ሥራ ለማስታወስ። እ.ኤ.አ. በ2021 ክለቡን የገዙት ሁለት ባለሀብቶችም የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው።

አሁን የምላችሁን በደንብ ስሙኝ። ያንን ቡድን እዚያች ሌሊት ላይ ያደረሰው፣ ዋንጫ በሌለባቸው ብዙ ዓመታት በዝናብና በብርድ ትኬት ቆርጦ የገባ የከተማ ሰው ነው። ክለብ የሚኖረው ሰዉ «የእኔ ነው» ሲለው ነው።

ኤክሰተር የምትባል ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለች ሌላ ከተማ ልጨምርላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክለቧ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ወደ አምስተኛው እርከን ወረደ። ያኔ ደጋፊዎቹ በማኅበራቸው አማካይነት፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ ክለቡን ራሳቸው ተረከቡት። ዛሬም የእነሱ ነው። በ1997 ዓ.ም. በገና ማግስት ኦልድ ትራፎርድ ሄደው ከዩናይትድ ጋር 0 ለ 0 ወጡ። በመልሱ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ሮናልዶና ሩኒ አግብተው 2 ለ 0 ተሸነፉ። ከሁለቱ ጨዋታዎች የተካፈሉት የመግቢያ ገቢ ግን ዕዳቸውን አቃለለላቸው።

ኦሊ ዋትኪንስን ታውቁታላችሁ፣ የአስቶን ቪላውን አጥቂ። ያደገው ኤክሰተር ታዳጊ ቡድን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ብሬንትፎርድ ሲሸጥ፣ ወደፊት በትርፍ ቢሸጥ ድርሻ እንዲደርሳቸው ተዋውለው ነበር፤ በ2020 ወደ ቪላ ሲዛወር ያ ገንዘብ ለኤክሰተር ገባ። ኢሉባቦር ቡና የተከለ ገበሬ በዓመቱ ፍሬ እንደማይለቅም ያውቃል። ታዳጊ ቡድንም እንደዚሁ ነው፤ የሚጠብቅለት ባለቤት ይፈልጋል።

ባለቤቱ ሌላ ሲሆንስ ምን ይመጣል? ቤሪን ተመልከቱ። ከማንችስተር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ክለቧ የኤፍኤ ካፕን ሁለት ጊዜ ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1903 ፍጻሜ ደርቢን 6 ለ 0 ሲረታ የተመዘገበውን ሰፊ ልዩነት፣ በ2019 ማንችስተር ሲቲ ዋትፎርድ ላይ እስኪደግመው ድረስ የተስተካከለው አልነበረም። በዚያው በ2019 ቤሪ ከሊጉ ተባረረ። ከወራት በፊት በ1 ፓውንድ የተሸጠ ክለብ ነበር፤ ዕዳውን የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ማረጋገጥ ስላልተቻለ ተሰረዘ። ቀኑ በእኛ ነሐሴ 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ግሪምስቢ ከፈነጠዘበት ምሽት ልክ 6 ዓመት በፊት። ደጋፊው ሜዳው በር ላይ ቆሞ አለቀሰ። ቆይቶ ግን እንደገና ተደራጀ፣ ከታችኛው እርከን ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ ቀድሞ ሜዳው ተመለሰ። ክለቡን ከሞት የመለሰው ያው የከተማው ሰው ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል አይጠፋም። ዴዴሳን ተሻግራችሁ ጅማን እዩ እንጂ! ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫውን አነሳ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ ግብ አግቢው ኦኪኪ አፎላቢ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የግብፁን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በድምር ውጤት 2 ለ 1 ተሰናበተ። ትልቁ አል አህሊ እኮ ነው! ጅማ ያን ጊዜ እንዴት እንደነበረች የማያስታውስ አለ? ሆኖም አሠልጣኙ ወደ መቀሌ ሄደ፣ ቡድኑም ተበታተነ፣ በ2014 ዓ.ም. ወረደ። መውረድ ያለ ነው፣ ግሪምስቢም ወርዷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ቡድኑ ሲወርድ ሰዉም አብሮ ዞር ማለቱ።

ሌላም ነገር አለ። ኮቪድ ከመጣ በኋላ፣ የቴሌቪዥን ሥርጭቱም ተጨምሮበት፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ መጫወት ጀመሩ። ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ደጋፊው ቡድኑን በገዛ ሜዳው ሳያይ የውድድር ዘመኑ ሲያልፍ፣ ክለቡ ስም ብቻ ይሆንበታል። የብዙዎቹ ክለቦች በጀት ከከተማ አስተዳደር ነው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ተጫዋች ይበተናል። ለክለብ ገንዘብ ያስፈልገዋል፣ እውነት ነው። ገንዘቡ ሲጠፋ ክለቡን ተሸክሞ የሚያቆየው ግን ሜዳ የሚመጣው ሕዝብ ነው። ይህን ደጋግሜ የምለው እንዳይዘነጋብኝ ፈርቼ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ብቆጣም ከፍቅር ነው። ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ቦታ ለመያዝ ከ10 ሰዓት ጀምራችሁ ትሰለፋላችሁ። የአርሰናልን ተቀያሪ ግብ ጠባቂ ስም ታውቃላችሁ። የሠፈራችሁን ቡድን ግብ ጠባቂ ስም ግን ማን ይነግረኛል? የከተማችሁ ቡድን የሚቀጥለው ጨዋታ መቼ ነው? የጎሬውን፣ የበደሌውን፣ የመቱውን ልጅ እኛ ካላየነው ማን ያየዋል? እኔ አርሰናልን አትደግፉ አላልኩም፤ አርሰናል ግን ያለ እኛም ይኖራል። እዚህ በጭቃ ሜዳ የሚሮጠው ልጅ ያለ እኛ አይኖርም።

ሰዓቴ እየገፋ ነው፣ የቴክኒክ ባልደረባዬ በእጁ እያመለከተኝ ነው፤ ለሠፈራችን ቡድን የሚበጁ ሦስት ነገሮችን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንደኛ፣ የአገራችን ዝናብ ረጅም ነው፤ ሜዳ የውኃ መውረጃ ቦይ ካልተቀደደለት ለብዙ ወራት አያጫውትም። ቦይ መቅደድ የሠፈር ጉልበትና አካፋ ነው የሚፈልገው። ሁለተኛ፣ መዋጮ ከተጀመረ ሒሳቡ በየጊዜው ለአዋጪው ይነገር፤ ሰው ገንዘቡ የት እንደገባ ካላወቀ ሁለተኛ አይሰጥም። ሦስተኛ፣ የትምህርት ቤት ውድድሮችን እንዳትንቁ፤ የሴቶቹንም ጨዋታ ጭምር። ለዚህ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይገባው ነበር፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ግሪምስቢ የት ነው ላላችሁኝ፣ መልሴ ይኸው ነው፤ ሰዉ ክለቡን ያልተወበት ከተማ ነው። በዚህ ሳምንት መጨረሻ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ አንድ ጓደኛ አስከትላችሁ ሠፈራችሁ ሜዳ ሂዱ። የተጫዋቾቹን ስም ጠይቁና በስማቸው ጥሩ። ያያችሁትንም ደውላችሁ ንገሩኝ፤ የልጆቹን ስም በዚህ ሬዲዮ አነብላችኋለሁ።