የአንድ ሯጭ ሥራ በምን ይመዘናል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የተደረገ ንግግር)



በቅርቡ በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ ስላቋረጠ ነው» አለ። ገሚሳችን ሣቅን፤ ገሚሳችን ተቈጣን። የሚያረካ መልስ የሰጠ ግን አልነበረም፤ የምንመዝንበትን ሚዛን አላዘጋጀንምና። ዛሬ እዚህ ቤቴል በፊታችሁ የቆምነው ያንን ሚዛን ለመፈለግ ነው።

ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ወርቁን ነው። በወርቅ ከቈጠርን ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ሻምበል አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም፥ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን አሸንፏል። ሻምበል ማሞ ያሸነፈው አንድ ጊዜ፥ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ነው። አበበ መንገድ ከፋች ነውና ክብሩን ማንም አይነካውም። ነገር ግን ወርቅ ብቻ የሚቈጠር ከሆነ፥ ማሞ ከዚያ ድል አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር በኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ ተቀድሞ ያገኘው ብር እንደ ኢምንት ሊታይ ነው። ይህ ፍርድ ቅን አይመስለንም።

ሁለተኛው ሚዛን ሰዓት ነው። ማሞ በሜክሲኮ ያሸነፈው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰኮንድ ነበር። በሙኒክ ሦስተኛ የወጣው ግን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰኮንድ ነው። ሰዓት ብቻውን ዳኛ ቢሆን ኖሮ የተሸነፈበት ቀን ካሸነፈበት ቀን ይበልጥ ነበር! ስለዚህ ሰዓትን ከቦታው ለይተን ማንበብ አይገባንም። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ አየሯ የሳሳ ናት። በዚያ ቦታ ማሞ ሁለተኛ የወጣውን ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞታል።

አሁን ለጓደኛችን መልስ መስጠት እንችላለን። አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ያቋረጠው በ17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቀረው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ እርሱን ማንም ለማሞ አልሮጠለትም። አበበ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ ነበር ለሚለው ግን፥ ባልተሮጠ ሩጫ ላይ ፍርድ አይሰጥም።

ሦስተኛው ሚዛን ጽናት ነው። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ማሞ በ800ና በ1,500 ሜትር ሮጦ ለፍጻሜ አልደረሰም። በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን አቋረጠ። እዚያ ላይ ቢመዘን ኖሮ «አልተሳካለትም» ተብሎ በተረሳ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፥ በ36 ዓመቱ ወርቅ አገኘ። ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ አበበ በሮም ካሸነፈ ልክ በ12 ዓመቱ፥ በ40 ዓመት ዕድሜው በሙኒክ ነሐስ ተቀበለ።

እንግዲህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ አበበን በደረሰበት ከፍታ፥ ማሞን በተጓዘው ርዝመት እንመዝን። አንዱን ለማክበር ሌላውን ማሳነስ አያስፈልግም።

ይህ ነገር የሯጮች ብቻ አይደለም። እኛም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጥቂት ቀን ፈተና ልንመዘን ነው። ፈተናውን አንንቅም፤ ሩጫም ፍጻሜ አለውና። ነገር ግን ከመካከላችን የሜልቦርን ቀን የሚገጥመው ሰው ቢኖር፥ ወላጆቻችንና ወንድሞቻችን ሆይ፥ መዝገቡን ቶሎ አትዝጉበት። እርሱም ራሱ አይዝጋው።