አሮጌ ኮምፒዩተር ስለማደስ
(የእድሩ ጸሐፊ በስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ከበርበሬ ሽያጭ ከተረፈው ገንዘብ የልጆችን ኮምፒዩተር ለማደስ ያሰባችሁ አላችሁ። እኔ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ነው፤ ግን ከስሬ አይቻለሁና ስሙኝ። አምና ሆሳዕና ሄጄ ራም ገዛሁ። ቤት መጥቼ ብሞክረው እምቢ አለ! ለካ የኔ ማሽን የሚፈልገው ዲዲአር 3፣ የገዛሁት ዲዲአር 4 ኖሯል፤ የጥርሱ ክፍተት ቦታው ይለያያል። ስለዚህ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ይልቅስ ቀድሞ የሚለወጠው ዲስኩ ነው። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስኤስዲ ሲገባ፣ ማሽኑ ቡና እስኪፈላ ማስጠበቁ ይቀራል። የልጆቹን ፋይል ግን አስቀድማችሁ በፍላሽ ገልብጡ። ፕሮሰሰር ለውጡ ለሚላችሁ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱንም ያስለውጣል።

ካቻቪቴ የሌለው ከእድሩ ይዋስ፤ ፈርሞ ነው ታዲያ።