ለልጆቻችንም መርዶ እንንገር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ያቋረጥኩ ስለሆንኩ ከሙያ ሳይሆን ከደረሰብኝ እናገራለሁ።

እናቴ አዲስ አበባ ባረፈች ጊዜ ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው፣ አጠገቤ ተቀምጠው አረዱኝ። ለሰባት ዓመት ልጄ ግን «አያትሽ አርፋለች» ብዬ አለፍኩ። እሷም «መቼ ትነሣለች?» ትለኝ ጀመር። ማታ መተኛት ፈራች፤ ትምህርት ቤትም ዝም አለች። አስተማሪዋ ጠርታ ስትጠይቀኝ አፈርኩ።

እዚህ አሜሪካ ሞት ትምህርት ቤት ድረስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳንዲ ሁክ ውስጥ 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተገድለዋል። ተማሪ ሲሞት ብዙ ትምህርት ቤቶች አማካሪ ያስመጣሉ፤ አስተማሪዎችም እውነቱን ለክፍሉ በግልጽ ይናገራሉ። የባለሙያዎቹ ምክር ቀላል ነው፦ «ሞተ» በሉ፤ «ተኛ» ወይም «ሄደ» አትበሉ፤ ጥያቄውን አዳምጡ፤ የልጁን የዘወትር ውሎ አታፋልሱ።

ስለዚህ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። ዕድራችን መርዶ ባረዳ ቁጥር ለልጆቹም በወጉ ይነገራቸው፤ በዚያው ዕለትም አንድ ሰው ለትምህርት ቤታቸው ይደውል። ሐዘን የትልቅ ሰው ብቻ አይደለም።