ከአባት ሣጥን ስለሚገኝ አሮጌ ሽጉጥ፦ ምንነቱን ስለማወቅና ስለአያያዙ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለዕድር ስብሰባ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ አሮጌ ሽጉጥ ነው። ነገር ግን እስቲ ልብ በሉልኝ፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው መቼ ነው? አባወራው ሲያርፍ ነው። ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ለቀስተኛው ተሸኝቶ፣ ልጆች የአባታቸውን ሣጥን ሲከፍቱ፣ ከጋቢውና ከግብር ደረሰኙ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ይወጣል። ያን ጊዜ ቤተ ዘመዱ ይጨነቃል። አንዱ “እናስወልውለው” ይላል፤ ሌላው “እንሽጠው” ይላል፤ ሦስተኛው “ማንም ሳያይ ወንዝ እንጣለው” ይላል። ሦስቱም አያዋጣም።

እኔ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ነው። ጠመንጃ ሠሪ አይደለሁም። ከጡረታ ወዲህ ግን ታሪክ ማንበብና የዘመድ አሮጌ ዕቃ እያገላበጡ ማየት ልማድ ሆኖብኛል። መዝገብ ቤት ያስተማረኝ አንድ ቁም ነገር አለ፤ ቁጥርና ማኅተም የሌለው ወረቀት ምንም ቢያምር ማስረጃ አይሆንም። አሮጌ ሽጉጥም እንደዚሁ ነው። ክብሩ ያለው በላዩ በተቀረጸው ጽሑፍና ስለ እርሱ በሚነገረው ታሪክ ነው።

ለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ ምስክር ነው። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የገደሉበት ሽጉጥ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላከችላቸው ነበር። ለመልእክተኛዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ምስጋና መሆኑ ላዩ ላይ ተጽፎ ነበርና የእንግሊዝ ወታደሮች ሽጉጡን አንሥተው ሲያነቡት የማን እንደሆነ አወቁ። ያ ጽሑፍ በሞረድ ተፍቆ ቢሆን ኖሮ ከማንኛውም ሽጉጥ በምን ይለይ ነበር?

እንግዲህ ወደ ሥራው ልግባ። በመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ጥይት ከነጎረሰ የተቀመጠ ብዙ ነው። አፈሙዙን ወደ ሰው ሳታዞሩ፣ ምላጩን ሳትነኩ፣ ልጆችን ከክፍሉ አስወጥታችሁ አስቀምጡት። ጥይት የሚይዘው ክብ ከበሮ አልዞርም ካለ ወይም ውስጡ ጥይት ከታየ፣ በመዶሻ መምታት የለም፤ ፖሊስ ይጠራ።

ሁለተኛው ሕጉ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ያስቀጣል። ፈቃድ ደግሞ በሰው ስም የሚሰጥ ነው፤ “የአባቴ ፈቃድ አለኝ” ማለት መልስ አይሆንም። ስለሆነም ወራሾች ዕቃውን በኪስ ይዘው ከመዞር ይልቅ፣ ሳያንቀሳቅሱት በመጀመሪያ ለፖሊስ አመልክተው በሚሰጣቸው መመሪያ መሠረት ቢፈጽሙ ይሻላል። ታሪካዊ ሊሆን ይችላል የምትሉትን ደግሞ ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ነው። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነውና፣ ውጭ አገር ላለው ልጅ በሻንጣ ሸጉጦ መላክ የሚባለውን ነገር ከሐሳባችሁ አውጡት።

ሕጉ ከተሟላ በኋላ ምንነቱን ማወቅ ይመጣል። በየቤቱ የሚገኙት ስድስት ጎራሾች ከዓድዋ ምርኮ፣ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ከመጣ የንግድ ዕቃ፣ ወይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአርበኝነት ዘመን ከጠላት እጅ የተገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ለመለየት አራት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ አከፋፈቱ። በቀኝ ጎኑ ትንሽ በር ኖራው ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርስ ከሆነ፣ የፈረንሳይ የ1873 ሞዴል ወይም ቦዴዮ የሚባለው የኢጣልያ የ1889 ሞዴል ሊሆን ይችላል። ከመካከሉ ታጥፎ አፈሙዙ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ እንደ እንግሊዙ ዌብሊ ያለ ነው። ከበሮው ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ ወዴት እንደሚወጣ እዩ፤ የፈረንሳዩ የ1892 ሞዴል ወደ ቀኝ ነው፤ የአሜሪካዎቹ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደ ግራ ነው።

ሁለተኛ፣ የቀዳዳው ቁጥርና ስፋት። ከላይ የጠቀስኳቸው ወታደራዊ ሽጉጦች ስድስት ስድስት ይጎርሳሉ፤ የመስኮቡ የ1895 ናጋን ግን ሰባት ነው። የፈረንሳዩ 1873 አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ የ1892ቱ ስምንት፣ የኢጣልያው ቦዴዮ አሥር ነጥብ አራት ነው።

ሦስተኛ፣ ቅርጹ። ቦዴዮ ለተራ ወታደር ሲሠራ በርሜሉ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ምላጩም ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የምላጭ መከለያ ቀለበት የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው “ተሰብሮ ጎድሏል” ብሎ ብረት ሊያስበይድበት ይነሣል። እንዴ! ምንም አልጎደለውም፤ ቀለበት የሚኖረው የመኮንኑ ነው።

አራተኛውና ዋናው ጽሑፉ ነው። በማጉያ መነጽርና በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራችሁ አንብቡ። ሦስት የላቲን ፊደላት ማለትም ኢ፣ ኤል፣ ጂ በሞላላ ክብ ውስጥ ከኮከብ ጋር ካያችሁ፣ በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ የተፈተነ ነው። ከክቡ በላይ ዘውድ ካለ ከ1893 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። በከበሮው፣ በበርሜሉና በአካሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች አንድ ዓይነት ከሆኑም ክፍሎቹ አብረው የተሠሩ ናቸው ማለት ነው።

ዓመተ ምሕረቱን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። 1891 የሚል ያየ ሰው፣ ዓድዋ በ1888 ነውና “ከዓድዋ ሦስት ዓመት በኋላ የተሠራ ነው” ይላል። ቁጥሩ የፈረንጅ ነው! በእኛ 1883 ወይም 1884 ይሆናል፤ እንግዲህ ከዓድዋ አራት አምስት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ደግሞም ቦዴዮ ከዓድዋ በኋላ ብዙ ዓመት ተሠርቷል። “አያቴ ዓድዋ ላይ የማረኩት” የሚባለው ሽጉጥ 1917 የሚል ማኅተም ካለበት፣ ዓድዋ ላይ ሊኖር አይችልም። ይህ ግን ቤተ ሰብን የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ምናልባት አባታቸው በአርበኝነት ዘመን ያገኙት ይሆናል፤ ያም የሚያኮራ ነው። እውነቱ ይቅደም።

ስለ ማደስ ልናገር። ማደስ ማለት እንዲተኩስ ማድረግ አይደለም። የ1873ቱ ዓይነት የተሠራው ለጥንቱ ጥቁር ባሩድ ነው፤ በዛሬ ጥይት ቢሞከር ብረቱ ሊፈነዳ ይችላል። ማደስ ማለት ዝገቱ እንዳይበላው ማቆም ብቻ ነው። ጣት ላይ ቀይ ዱቄት የሚተው ዝገት ሕያው ነው፤ ይበላል። ቡናማና ጥቁር ሆኖ የረጋው ግን የዕድሜው መልክ ነውና ተዉት።

ለቀዩ የስፌት መኪና ዘይት ቀቡትና ጥቂት ቀናት አቆዩት፤ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ እሹት። አልለቅም ያለውን በመዳብ ሳንቲም ጠርዝ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ይቻላል፤ መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የብርጭቆ ወረቀት፣ ሞረድ፣ የባትሪ አሲድና ሎሚ አታስጠጉት። ቅቤና ሞራም አይቀባም፤ ሲሻግት ብረት ይበላል። በቆዳ ማሕደሩ ውስጥም አታኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና ማሕደሩ ለብቻ፣ ብረቱ ለብቻ ይቀመጥ። ብሎኑን በማይገጥም ካቻቢቴ አትታገሉት፤ እንቢ ካለ ይቅር። በባዶ እጅ የነካችሁትንም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ላብ ጨው አለበት። አባቶች “ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ይላሉ።

አንድ የማውቀው ቤተ ሰብ አለ። አባታቸው ካረፉ በኋላ ወንድማማቾቹ ሲከራከሩ ትንሹ ቀድሞ ወስዶ አንድ ብረት ሠራተኛ ዘንድ በማሽን አስፈገፈገው። እንደ መስተዋት አበራ። ነገር ግን ቁጥሩ ጠፋ፤ ማኅተሙ ጠፋ፤ አባትዬው በእጀታው ላይ በሚስማር የጫሩት ስማቸው ጭምር ጠፋ። ለሕግ ሲቀርቡም ቁጥሩ የተፋቀ መሣሪያ የሚያስነሣው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። እናትየዋ አይተው “ይኼ የእርሱ አይደለም” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ወንድማማቾቹ እስካሁን በዚያ ነገር ሙሉ ሰላም አላገኙም።

ስለዚህ ለዕድራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው አባል በሕይወት ሳለ ለፖሊስ ያስመዝግብ፤ በደብተርም አራት መስመር ይጻፍ። የማን ነበር? ከየት መጣ? እንዴት ተገኘ? ይህን ማን ያውቃል? ብረቱ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ነጋሪው ግን አይቆይም። እኛ ቀባሪዎች ነንና ይህን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን፤ ስንት ታሪክ ሳይጻፍ አብረን ቀብረናል!